ተናጋሪውን ሳይሰሙ የዓለምን ቋንቋ የማጥናት ጥበብ

የእንግሊዝኛን ዓለም አቀፍነት የሚያጠኑ ተመራማሪ ለመሆን ከቆረጡ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ቁጥር ነው። በዓለም ላይ ስንት ሰው እንግሊዝኛ እንደሚናገር ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ይህ ግን ለእርስዎ ሲሳይ እንጂ እንቅፋት አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የመጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም ግምታቸውን አንድ ተኩል ቢሊዮን ገደማ አድርሰውታል፤ በጊዜው የዓለም ሕዝብ ሩብ ማለት ነበር። ሰውዬው ግምት መሆኑን አልደበቁም፤ «ይችላል» የሚባለው ሰው ከየት እንደሚጀምር መወሰን ከባድ መሆኑንም አስረድተዋል። ማብራሪያውን ይዝለሉት። ቁጥሩን ብቻ ነቅለው በመግቢያዎ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ ይትከሉት። ሃያ ዓመት አልፎታል ብለውም አይጨነቁ፤ ከእርስዎ በፊት የተከሉትም አልተጨነቁም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ደረጃ ያስፈልጋል። በየዓመቱ አገሮችን በእንግሊዝኛ ችሎታ የሚደረድረው የኢኤፍ ሰንጠረዥ ለዚህ ምቹ ነው። ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ በገዛ ፈቃዳቸው ከተፈተኑ ሰዎች የተሰበሰበ መሆኑን፣ አውጪው ድርጅትም የእንግሊዝኛ ትምህርት እየሸጠ የሚኖር መሆኑን በግርጌ ማስታወሻም ቢሆን አያንሱ። መብራትም ኔትወርክም ያልጠፋበት ሰው አገሩን ቢወክል ምን አለበት?

አሁን ክብ ይሳሉ። የካሽሚሩ ተወላጅ ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት ክብ ስለው ሄደዋል፤ በውስጠኛው እንግሊዝና አሜሪካን የመሰሉ አገሮች፣ በመካከለኛው እንግሊዝኛ በቅኝ ግዛት የገባባቸው እንደ ሕንድና ናይጄሪያ ያሉት፣ በውጨኛው እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩት። ካችሩ የደከሙት የሕንዱም የናይጄሪያውም እንግሊዝኛ የተናጋሪው የራሱ ሀብት መሆኑን ለማስረገጥ ነበር። እርስዎ ግን እንደ ቀበሌ መታወቂያ ይጠቀሙበት፤ ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት የየት ክብ ነዋሪ እንደሆነ ይወቁ።

ኢትዮጵያ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ትንሽ ያስቸግራል። እንግሊዝ ቅኝ አልገዛንም፤ ስለዚህ ቦታችን ዳር ላይ፣ ከጃፓንና ከቻይና ጎን ነው። ይሁንና ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ነግሦ የነበረው ፈረንሳይኛ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ወንበሩን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። ሁለተኛ ደረጃውም ዩኒቨርሲቲውም ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይዞ ይወጣል፤ ስለ ቋንቋ የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ግን እንግሊዝኛን በስም እንኳ አያነሳውም። ሩዋንዳም እንዲሁ አስቸጋሪ ናት፤ የቤልጅየም ግዛት የነበረች አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዞረችና በዓመቱ ኮመንዌልዝ ገባች። ከሥዕሉ ይልቅ አገሮቹን ማረም ይቀላልና «ልዩ ሁኔታ» ብለው ይለፏቸው።

ቀጥሎ ሰፈር ይምረጡ። አንደኛው ሰፈር እንግሊዝኛ የኃያላን መሣሪያ ነው ይላል፤ አባቱ ሮበርት ፊሊፕሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የቋንቋ ኢምፔሪያሊዝምን ያወገዙበትን መጽሐፍ ያሳተመው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው፤ ደራሲውም ቀደም ሲል የብሪቲሽ ካውንስል ባልደረባ ነበሩ። ሁለተኛው ሰፈር እንግሊዝኛ ዛሬ የሁሉም ነው፣ ባለቤት የለውም ይላል። ብልኅ ተመራማሪ ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ ይውላል። ለምሳሌ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት መጽሐፍ በኬንያ ትምህርት ቤት የአፍ መፍቻውን ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ልጅ እንዴት ይዋረድ እንደነበር የጻፉትን ለተማሪዎችዎ ድምፅዎ እየተንቀጠቀጠ ያንብቡላቸው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጅዎን ከግል ትምህርት ቤት ሄደው ይውሰዱ፤ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ይቀጣል የሚለው ደንብ መከበሩንም ዳይሬክተሯን ይጠይቁ። ለዚያ ነው የሚከፍሉት።

መስክ መውጣት የግድ ነው፤ ማስቀረት ቢቻል ኖሮ እዚህ እመክርዎ ነበር። ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ይምረጡ፤ ራቅ ያለ ማለት አስፋልት የሚደርስበት። ዘጠነኛ ክፍል ይግቡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ዘጠነኛ ክፍልን እንግሊዝኛ የሁሉም ትምህርት ማስተማሪያ የሚሆንበት ደጃፍ አደረገው። ስምንተኛን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የጨረሰ ልጅ መስከረም ሲጠባ ባዮሎጂውም ታሪኩም ሒሳቡም እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ መምህሩ የሚያደርጉትን ልብ ብለው እንዳያዩ ይጠንቀቁ። ሰሌዳው ላይ ኖቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ሲያዞሩ በልጆቹ ቋንቋ ያስረዳሉ፤ ሱፐርቫይዘር በር ላይ ብቅ ሲል መልሰው እንግሊዝኛ ይሆናሉ። ዓለም አቀፍ የተባለው ቋንቋ በዚህ አገር የሚኖረው እንዲህ እየወጣና እየገባ ሊሆን ይችላል። እርስዎ «የመምህራን ድክመት» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር ይመዝግቡት።

መጠይቁን ያድሉ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ መልሶቹም «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» በአምስት ሳጥን ይከፈሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አንብቤ ለመረዳት እቸገራለሁ» የሚል ይሁን። ጥያቄውን አንብቦ መረዳት የተቸገረው ልጅ የጎረቤቱን ወረቀት ሰረቅ አድርጎ ያይና መሐል ላይ ያለውን ሳጥን ምልክት ያደርግበታል። ኮምፒዩተርዎ ይህን «ገለልተኛ» ብሎ ይቆጥረዋል። እርስዎም ተማሪዎች ለእንግሊዝኛ ሚዛናዊ አመለካከት እንዳላቸው ይደመድማሉ፤ ግራፉም ያምራል።

ሽበት ያላቸው መምህር ካጋጠሙዎ ስለ ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ሊያጫውቱዎ ይሞክራሉ። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ሁለተኛ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ለአፍታ ዝም ይል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፍ ነበር። የክፍሉ መምህር ከጎን ቆመው ይመለከቱ ነበር። በበኩሌ ያ ስክሪን ለዚህ ሙያ የዋለውን ውለታ የሚያህል አላውቅም፤ ጆሮ ሳይኖር መናገር እንደሚቻል በአገር አቀፍ ደረጃ ያስመሰከረ እሱ ነው። መምህሩን ግን በትሕትና ያቋርጧቸው፤ ትዝታ ዳታ አይደለም።

ወላጆችንም እንዲሁ ይሽሹ። እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ልቀው እንደተገኙ አሳይቷል። ወላጁ ግን እንግሊዝኛው ቶሎ ይጀመርልን ይላል። ለምን እንደሆነ ከጠየቁት ምክንያቱን ይነግርዎታል፦ የቅጥር ማስታወቂያው፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው፣ አሜሪካ ያለው አጎት። ምክንያት ደግሞ አምስት ሳጥን ውስጥ አይገባም።

ስለ ትክክለኝነት ሲጽፉ ለጋስ ይሁኑ። ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተለያየ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ምላስን በጥርስ መሐል የሚያስወጣው ድምፅ ባይወጣም መግባባት እንደማይፈርስ አስረድተዋል፤ እኛ «ዚስ» ብንል ዓለም አይገለበጥም። የቪየናዋ ባርባራ ዛይድልሆፈርም ግሡ ላይ የምትለጠፈዋ «ኤስ» ብትቀር ወሬው ሳይደናቀፍ እንደሚቀጥል አሳይተዋል። በእሳቸው መሪነት የተሰባሰበው የንግግር ክምችት ከአንድ ሚሊዮን ቃላት በላይ ይዟል፤ ተናጋሪዎቹ በብዛት አውሮፓውያን መሆናቸው ዓለም አቀፍ ከመባል አላገደውም። ሁለቱንም በአድናቆት ይጥቀሱ። ከዚያ የማስተርስ ተማሪዎ ያመጣውን ረቂቅ ይክፈቱና «ኤስ» በቀረችበት ቦታ ሁሉ በቀይ ያክብቡ። ጽሑፉን በሚከላከልበት ቀን «ዚስ» ካለም ፈገግ ይበሉ፤ ፈታኞቹም ፈገግ ይላሉ።

ማሳተሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መንገዱ የታወቀ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ሱሬሽ ካናጋራጃ በጦርነት ላይ ከነበረችው የስሪ ላንካዋ ጃፍና ሆነው ወረቀት በጠፋበት፣ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ የምዕራብ ጆርናሎችን የቅጂና የአቀራረብ መስፈርት ማሟላት ምን ማለት እንደሆነ ጽፈዋል። ዛሬ ወረቀት አያስፈልግም፤ ያው መብራት ነው። የእንግሊዝኛን የበላይነት የሚሞግተውን ጽሑፍዎን ገምጋሚው «አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ያርምልዎ» ብሎ ከመለሰው አይከራከሩ፤ ከፍለው ያሳርሙ። ለዶክትሬት ውጭ ሲያመለክቱም፣ ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ማስተርስ በእንግሊዝኛ የተማሩ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መሆንዎን አይተው እንግሊዝኛ መቻልዎን በፈተና ያረጋግጡ ይሉዎታል። ይፈተኑ። ይህን በጽሑፍዎ ውስጥ እንደ ማስረጃ ማንሳት ግን ነውር ነው፤ ስለ ራስ ማውራት ሳይንሳዊ አይደለም።

ጽሑፉ ሲወጣ ያ የመስኩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ይደውሉልዎታል። ልጆቻችን ያን ሁሉ መጠይቅ ሞሉ፤ ምን ተገኘ? በሚገባን ቋንቋ ሁለት ገጽ ቢጽፉልን ለወላጅ ስብሰባ እናነበው ነበር ይላሉ። እንኳን ደስ አለዎት ይበሏቸውና ሊንኩን በቴሌግራም ይላኩላቸው። ሲከፍቱት አጭር መግለጫውን በነጻ ያሳያቸዋል፤ ለቀረው በዶላር ይጠይቃቸዋል።