በእንተ ቦታ ወጎራ፦ የእስፓንኛ አልባሳት ስሞች በላሊበላ ደጀ ሰላም

እስፓንያዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛንና ግእዝን ተምሯል። የላሊበላ አስጎብኚ ከአራት ምእት ዓመት በኋላ እስፓንኛ በመማር ብድሩን ሲመልስ ግን ከየትኛው ቃል ይጀምር ዘንድ እንደሚገባው እስካሁን በሥርዓት አልተመረመረም። ከሰላምታ ይጀምር የሚሉ አሉ። ሰላምታ ግን በእጅም ይፈጸማል። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱም በጫማ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ርእሰ መዝገበ ቃላቱ «ሳፓቶስ»፣ ማለትም ጫማዎች፣ ሊሆን ግድ ነው። (የማድሪድ ሰዎች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው «ሳ»ን ያሻክሯታል፤ ጫማው ግን አይለወጥም።)

ከጫማ ወገን ይልቁንም የሚያስጨንቀው፣ አንገተ ረዥሙ፣ በእስፓንኛ «ቦታ» የሚሰኘው ነው። ከቤተ ማርያም የወጣች እንግዳ በካልሲ ቆማ «ሚ ቦታ?» ብትል፣ ጫማ ጠባቂው ከጥላው ሥር ያለውን ድንጋይ በትሕትና ያመለክታታል። «ቦታ!» ብላ ብትደግም፣ ድንጋዩን በጋቢው ጫፍ አራግፎ «ይኸው ቦታ፣ ይቀመጡ» ይላታል። ነጠላ ቁጥር መጠቀሟ አንደኛው እግር መገኘቱን ያስረዳል፤ ሁለቱም ቢጠፉባት «ቦታስ?» ባለች ነበር፣ ይህም በእኛ ሰዋስው ይበልጥ የተሟላ፣ መልሱም ያው ድንጋዩ የሆነ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች በየቋንቋቸው አንዳች ስላልተሳሳቱ፣ አስታራቂ ሽማግሌ የሚፈርድበትን ወገን አያገኝም።

«ጎራ» ባለ ጥላ ኮፍያ ነው፤ ስለዚህ አስጎብኚው በደጃፍ «ጎራዎን ያውልቁ» ማለቱ እንደ ፖለቲካ ምክር ሊወሰድ አይገባም። «ካሚሳ» የቀሚስ ዘመድ ቢሆንም ትርጓሜው ሸሚዝ ስለሆነ፣ የአንድን ጎልማሳ ካሚሳ ማድነቅ ነውር የለበትም። «ፋልዳ» በአንጻሩ ጉርድ ቀሚስንም የተራራ ግርጌንም ያጠቃልላል። በዚህ ሕግ ላሊበላ ከተማ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጉርድ ቀሚስ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ ስለ ጻድቁ ክብር ሲባል አገላለጹን አንመክርም።

የቀረው «ካልሴቲን»፣ ካልሲ ነው። ከአልባሰ እግር ሁሉ ደጃፉን አልፎ መቅደሱ ድረስ የሚዘልቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለብቻው ክፍል ሊሰጠው ይገባል። በዚሁ ክፍል ሥር «ፑልጋ» የሚለው ቃል በጥገኝነት ይመደባል። ትርጓሜው ቁንጫ ነው፤ ልብስ ባይሆንም ከምንጣፉ ተነሥቶ ከካልሲው ጋር ይወጣል፤ ይህን ቃል እንግዶቹ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እያከኩ፣ ሳይጠየቁ ያስተምራሉ።