በአንድ ወገን የሚያሳርር ምጣድ፦ የሐይቅና አምባሰል ጥናት

በሐይቅ ከተማና ከዚያ ወዲያ እስከ ውጫሌ፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ የታወቀ ጠባይ አለው። በግድግዳው በኩል ያለው የእንጀራ ጠርዝ አርሮ ሲነሳ፣ በበሩ በኩል ያለው ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሊጥ ይላል። ነገሩ እስካሁን ሊቅ አለማግኘቱ ይገርማል፤ አገሩ እኮ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ያሰባሰቡበት፣ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ነው። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም። ምጣድ የሚያውቁት ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ መጻፍ የሚያውቁት ወንዶች ደግሞ ወደ ማድ ቤት አይገቡም።

በጉዳዩ ላይ ያለው የቃል ሊቅነት በጎራ የተከፈለ ነው። የሊጥ ጎራ ጥፋቱን በአብሲቱ ያሳብባል፤ ካልሆነም ማሽላው በዝቶበታል ይላል። ሊጡ ግን ከአንድ ቡሃቃ ተቀድቶ በአንድ እጅ የዞረ ነው፤ በሩ በየት በኩል እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የመብራት ጎራ አባላት በአብዛኛው ወንዶች ሲሆኑ ከሳሎን ሳይነሱ «መብራቱ ቀንሶ ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን በግድግዳውም በበሩም በኩል እኩል ነው። ሦስተኛው ጎራ ምጣዱን ያየችውን ጎረቤት ይጠረጥራል። ይህን ጎራ በማስረጃ ማፍረስ አልተቻለም፤ በማስረጃ አልቆመምና።

ምጣዱን ገልብጦ ያየ ከሦስቱም የለም። ሸክላው ይሰበራል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ለምጣዱ ሲባል አይጧ ታልፋለች።

አይጧ ያለችው ከሥር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሸክላ ሆድ ውስጥ ከዳር ወደ መሐል የሚዞር ቦይ አለ። ሬዚስታንስ የሚባለው ጥምዝምዝ ሽቦ በዚያ ተዘርግቶ በጀሶ ይመረጋል። ሽቦው አንድ ከሆነ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ የትም ቦታ እኩል ነው፤ ሙቀቱን የሚለያየው ጥምዝምዙ የተጨናነቀበትና የተሳበበት ቦታ መኖሩ ነው። ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ጠጋኙ ከወዲያና ከወዲህ ስቦ ይቀጥለዋል፤ የተሳበው ወገን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ጀሶው በረገፈበት ደግሞ ሽቦው ከሸክላው ይለቅና የታችኛውን ቆርቆሮ ያሞቃል። በዚህ ስሌት በረሮ ከቤተሰቡ የተሻለ የሚሞቅበት ማድ ቤት አለ ማለት ነው።

ይህ የሥሩ ነው። እንጀራ ግን አይገለበጥም፤ ላዩን የሚያበስለው አክንባሎው ሥር የታፈነው እንፋሎት ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሚባክን እንፋሎት የለንም። የአክንባሎው ጠርዝ በተሸረፈበት በኩል ግን ይባክናል።

በኒውዮርክ ያረጁ ሕንፃዎችም በዚሁ የሙቀት አለመመጣጠን ይታመማሉ። ምድር ቤት የፈላ ውሃ እንፋሎቱን በቧንቧ ወደ ብረት ማሞቂያዎች ይልካል፤ ታዲያ አንዱ ተከራይ በክረምት መስኮት ሲከፍት ሌላው ካፖርት ለብሶ ያድራል። የዚያ አገር ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አየር ማስወጫው ተደፍኖ እንፋሎቱን እንዳይገባ ከልክሎት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ማሞቂያው ወደ ቧንቧው ዘንበል ብሎ የቀዘቀዘውን ውሃ ይመልስ እንደሆነ ነው። የእነሱ ዘንበል ካላለ ያጠፋል፤ የእኛ ዘንበል ካለ ያጠፋል፣ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ሄዶ የሳሳው ሲያር የወፈረው ጥሬ ይቀራልና። ለዚህ የታጠፈ ካርቶን ከምጣዱ እግር ሥር ማድረግ በቂ ነው።

ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን በስሙ ያስጠራ አገር ምጣድ መቃኘት አያቅተውም በሚል ግምት ለአንድ ቤት ቀላል ሙከራ ቀርቦ ነበር። በምጣዱ ጠርዝ ላይ በከሰል ምልክት ይደረጋል፤ አንድ እንጀራ ይጋገራል፤ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎና በርዶ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ ሌላ ይጋገራል። ያረረው ወገን ምልክቱን ተከትሎ ከዞረ ጥፋቱ የሽቦው ነው። በግድግዳው በኩል ከቀረ ግን የወለሉ፣ የአክንባሎው ወይም በበሩ የሚገባው ንፋስ ነው። ሙከራው ሁለት እንቅፋት ገጠመው። የመጀመሪያው የገመዱ ማጠር ነው። ሁለተኛው የቤቱ አማት ናቸው፦ «ምጣድ ይዞራል እንዴ? የሚዞረው ሊጡ ነው።»

ተቃውሟቸው ከዕውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም። ምጣዱ ሲበላሽ መሶቡ ተደላድሏል። በደንብ የበሰለው ወገን ወደ አባወራው ዞሮ ይቀርባል፤ እንግዳ ከመጣ ለእንግዳው። ያረረውን ልጆች ይቆረጥሙታል፤ ይሻሙበታልም። ጥሬው ለምራቲቱ ይደርሳል። ለዚህም ነው «አብሽሪ፣ ነገ እናሠራዋለን» የሚለው አባባል ሰሚ እንጂ ጠጋኝ ሳያገኝ የሚኖረው።

በመጨረሻ ምራቲቱ ባሏ ገበያ በሄደበት ቀን ጠጋኝ አስመጥታ ሽቦውን አስቀየረች፤ ጀሶውንም አስመረገች። በማግስቱ እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ዓይን አወጣ። አባወራው ቀረብ ብሎ መሶቡን ወዲያና ወዲህ ካዞረ በኋላ «የኔ በየት በኩል ነው?» ሲል ጠየቀ። «በሁሉም በኩል ነው» ብትለው ቅር አለው።