የአንገት ሕመም እንዲሰነብት የሚያደርጉ አራት መንገዶች

ጠዋት ሲነሱ አንገትዎን ይዞት ቢያገኙት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ወራት እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ካለ መንገዱ አይቸግረውም፤ አንገቱን አያንቀሳቅስ። ምክሩን ገልብጬ የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት አራቱም ነገሮች በየቤቱና በየቢሮው በቅንነት፣ ይሻላል ተብለው የሚደረጉ ስለሆኑ ነው። የአብዛኞቹ ምንጭ አንድ ፍርሃት ነው፤ የታመመ አንገት የተበላሸ ነገር ስለሆነ ከተነካ ይብሳል የሚል። ሕመሙን የሚያሰነብተውም ይኸው ፍርሃት ነው።

አንደኛው መንገድ፣ ከተቀመጡበት አይነሱ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት በ7 የአንገት አጥንቶች ላይ ደግፈው የሚይዙት ከማጅራት እስከ ትከሻ የተዘረጉ ጡንቻዎች ናቸው። ስልክዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ለአንድ ሰዓት ቢያጎነብሱ፣ እነዚያ ጡንቻዎች ሰዓቱን ሙሉ እንደተወጠሩ ይቆያሉ። «እንግዲያው ቀጥ ብዬ ብቀመጥስ?» የሚል ይኖራል። ቀጥ ብሎም ቢሆን ሳይንቀሳቀሱ ሰዓታት መቆየት ያው መወጠር ነው፤ ሰውን ሁሉ ከሕመም የሚጠብቅ አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ መኖሩም አልተረጋገጠም። የሚጠቅመው አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት፣ ትከሻን ማሽከርከር፣ ስልኩን ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ።

ሁለተኛው መንገድ፣ አንገትዎን ጠቅልለው ይተኙ። ሙቀት መልካም ነው፤ ሻርፕም ሆነ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ያዝናናል። ጉዳቱ አንገትን ማሰርና አልጋ ላይ መሰንበት ነው። በካናዳ የኩቤክ ግዛት በመኪና ግጭት አንገታቸው የተጎዳ ሰዎችን ጉዳይ የመረመረ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዘገባ የአንገት ድጋፍንና ረጅም ዕረፍትን አላበረታታም፤ ቶሎ ወደ ተለመደው እንቅስቃሴ መመለስን መከረ። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ አንገትና ትከሻቸውን ደጋግሞ የሚያማቸው 198 የቢሮ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ሥራው ቀላል ነበር፤ የስፖርት ላስቲክ በእግር ረግጦ ሁለቱን እጆች ወደ ጎን እስከ ትከሻ ድረስ ማንሳት። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 12 ደቂቃ የሠሩት ብቻ ሳይሆኑ 2 ደቂቃ ብቻ የሠሩትም ከ10 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው ካልሠሩት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ሲጀምሩ ትንሽ ቢያምዎት ተጎዳሁ ብለው አይደንግጡ፤ እየባሰ ከሄደ ግን ይቀንሱ።

ሦስተኛው መንገድ፣ ምስል ተነሥተው ውጤቱን እንደ ፍርድ ይቀበሉ። «ኤምአርአዩ ዲስኬ ተንሸራቷል ብሏል፤ እንዴት ልንቀሳቀስ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አንገታቸውን የማያማቸው 1,211 ሰዎችን በኤምአርአይ አንሥተው 87.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ወጣ ያለ ዲስክ አግኝተዋል፤ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት ወጣቶችም አብዛኞቹ ላይ ታይቷል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የታየው ነገር ብቻውን የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ምስል የሚጠቅመው ሐኪም መርምሮ የሚያጣራው ነገር ሲያገኝ ነው።

አራተኛው መንገድ፣ አንገትዎን ሰው በድንገት ጠምዝዞ እንዲያንቋቋ ይፍቀዱ። ፀጉር ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ድምፁን ተከትሎ ቀለል የሚላቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ እፎይታው ግን ብዙ ጊዜ አይቆይም። በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ያልፋሉ። ኃይለኛ ጥምዘዛ እነዚህን ሥሮች ቀድዶ ስትሮክ ያስከተለባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ራስዎ ቀስ ብለው አንገትዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቢያዞሩ፣ ጆሮዎን ወደ ትከሻዎ ቢያስጠጉ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ጥምዘዛ የለበትም።

በራስ መንገድ ሊታከም የማይገባው ሕመም ግን አለ። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ተጨምሮበት አገጭ ወደ ደረት አልታጠፍ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳያባክኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኢትዮጵያ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ከሚነሣባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ መዛል ወይም መደንዘዝ፣ የአረማመድ መንገዳገድ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ከደረት ወደ አንገት የሚወጣ ሕመም ሁሉ የሐኪም ጉዳይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎ አንገትዎን አይፍሩት። ዛሬ ከወንበርዎ ይነሡ፣ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፤ ነገም ይድገሙት።