የልጅን መንጋጋ ይበልጥ የማሳመሚያ ስምንት መንገዶች

ልጅ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ድምፁ ከግድግዳ ያልፋል። ለምሳሌ የሰሜን ሸዋዋ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ አንዱ ሲያፋጭ ሌላው ሁሉ ይነቃል፤ የማይሰማው ራሱ ልጁ ብቻ ነው። ሲነጋ ግን «ጉንጬን አመመኝ»፣ «ጆሮዬን»፣ «ራሴን» ይላል፤ ቁርሱንም በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል።

እኛ የምንሯሯጠው ድምፁን ለማጥፋት ነው። ልጁ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ጡንቻው እንዲያርፍለት ነው። ብዙው ጉዳት የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ምክሩን ገልብጬ አቅርቤዋለሁ። በቁጥር የተቀመጠው ትእዛዝ የሚጎዳው መንገድ ነው፤ ከሥሩ ምክንያቱና ትክክለኛው ይከተላል። ትእዛዙን ተዉት፣ ከሥሩ ያለውን ያዙ።

1. ኮሶ አጠጡት

«ጥርሱን የሚያፋጨው ወስፋት ይዞት ነው» የሚለው እምነት ከሸዋም አልፎ በብዙ የአገራችን ክፍል አለ። ወስፋት ልጅን የሚያከሳ እውነተኛ በሽታ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ መታደል የጀመረውም ስለዚህ ነው። ትል ጥርስ ያፋጫል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ኮሶ በአንኮበር አቅራቢያ ባለው በወፍ ዋሻ ደን ጭምር ይበቅላል፤ አባቶቻችንም ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ሲያባርሩበት ኖረዋል። ሆኖም መጠኑ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ የዓይን ብርሃንንም ሊጎዳ ይችላል። ለልጅ አይሰጥም። ትል የጠረጠራችሁ እንደሆነ ሰገራው ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ የታዘዘውን መድኃኒት ስጡት፣ መንጋጋውን ያድናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

2. ቀስቅሳችሁ ተቆጡት

ሲያፋጭ እንቅልፉ ለአፍታ ይሳሳል፣ ልቡ ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ወዲያው የመንጋጋ ጡንቻዎቹ እየተኮማተሩና እየተፈቱ ጥርስን ከጥርስ ያፋትጋሉ። ልጁ አያውቀውም፣ ሊተወውም አይችልም። ቁጣ የሚጨምርለት ፍርሃትን ብቻ ነው፤ የተቆራረጠ እንቅልፍም ማፋጨቱን ያብሳል። የወተት ጥርስ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እየወለቀ በቋሚው ይተካል፤ አብዛኞቹ ልጆችም ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ማፋጨቱ እየቀነሰ ይተዋቸዋል። እስከዚያው ድረስ የሚረዳው ጸጥ ያለ ምሽት ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኛ፤ ከመኝታ በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ይጥፋ፤ ሦስተኛውም ቢሆን ቡና ለልጅ አይቀዳ፤ ማታ ሻይና ኮካ ይቅርበት።

3. መንጋጋውን በነጠላ እሰሩለት

አገጭን ከአናት ጋር አጥብቆ ማሰር ጡንቻውን አያሳርፍም፤ መገጣጠሚያውን ይጫናል። ልጁ አፍንጫው የታፈነ ከሆነ ደግሞ የሚተነፍስበትን መንገድ ይዘጋል። ከገበያ የሚገዛ የአዋቂ ጥርስ መከላከያ ፕላስቲክም ለእሱ አልተሠራም፤ መንጋጋው ገና እያደገ፣ ጥርሱ ገና እየተተካ ነው፤ ወልቆ ሊያንቀውም ይችላል። የጥርስ መከላከያ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚወስነው ጥርሱ መበላቱን አይቶ የጥርስ ሐኪም ነው።

4. «ጆሮዬን» ካለ ጆሮው ውስጥ ዘይት ጨምሩ

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በጣት ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ የጡንቻ ሕመም እንደ ጆሮ ሕመም ይሰማል። እንዲህ ለዩት፦ ጣቶቻችሁን ጉንጩ ላይ አድርጋችሁ «ጥርስህን ግጠም» በሉት፤ የሚጠጥረው አንደኛው ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ በራሱ ጎን ተዘርግቶ ይገኛል። እነዚህን ጫን ስትሉ የሚያመው ከሆነ፣ ሕመሙም ጠዋት በርትቶ ወደ እኩለ ቀን የሚቀልለው ከሆነ፣ የጡንቻ ድካም መሆኑ ያመዝናል። ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ፣ ካተኮሰው ወይም እንደ ጆሮ ደግፍ ከጆሮው ሥር ካበጠ ሌላ በሽታ ነው፤ መመርመር አለበት። ያም ሆነ ይህ ጆሮ ውስጥ ዘይት አይጨመርም።

5. መንጋጋው እንዲጠነክር ቆሎ ስጡት

የገብስ አገር ልጅ ቆሎ ይወዳል፤ በደህና ቀንም መልካም ምግብ ነው። ሌሊቱን ሲያኝክ ላደረ ጡንቻ ግን ሌላ ሥራ መጨመር ነው። ሕመሙ እስኪያልፍ ለጥቂት ቀናት ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ይቅሩ። በዚያው ገብስ ለስላሳ ምግብ ይሠራል፦ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ራስ ያለ በሶ። በሽሮ የራሰ እንጀራም ይስማማዋል። በትናንሹ ይጉረስ፤ ሲያዛጋም አፉን ከልክ በላይ አይክፈት። ቀን ቀን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሩት፦ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ አይገጠም። ምግብ ካልታኘከ በቀር የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መነካካት የለባቸውም።

6. ጉንጩን ተኩሱት

በጋለ ብረት መተኮስና በምላጭ መብጣት ጠባሳ፣ ቁስልና የቴታነስ አደጋ ያመጣሉ። ጡንቻው የሚወደው ለብ ያለ ሙቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ ጭመቁ፤ በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት፤ ካላቃጠለ ጉንጩ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አኑሩለት። ከዚያ በጣት ጫፍ በዝግታ እያዞራችሁ እሹት፤ ካመመው አቁሙ። ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል በክብደቱ ይሰጣል፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይብለጥ። አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም። ቤቱን ለማሞቅ ብላችሁም ከሰል አንድዳችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ የማይታየው ጋዙ ይገድላል።

7. ካንኮራፋ እንጥሉን አስቆርጡ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ማፋጨትና ማንኮራፋት አብረው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ያበጠ ቶንሲል ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያደገ ሥጋ ይገኛል፤ አየር ሲያጥር እንቅልፍ ይሰበራል፣ ማፋጨቱም ይቀሰቀሳል። እንጥል በዚህ የለበትም። እንጥል መቁረጥም ሆነ የሕፃን ድድ ሰንጥቆ «ግግ» ማውጣት ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ሞት ያስከትላሉ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕፃናትን መጉዳትን ይቀጣል። ሌሊት ትንፋሹን አዳምጡ። የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደታፈነ የሚነሣ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። ቶንሲል ይታከማል፤ ማፋጨቱም ከዚያ በኋላ የሚቀንስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

8. «ልጅ ምን ያስጨንቀዋል» ብላችሁ እለፉት

ጭንቀት ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ በነዚህ ዓመታት ለልጅ ቀላል አልነበረችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በቻይና ካምፕና በወይንሸት መጠለያ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ኖረዋል። የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ፍርሃቱን በቃል ላይናገር ይችላል፤ እንቅልፉ ግን ይረበሻል። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስለ ውሎው ጠይቁት፤ የሚፈራውን ሲነግራችሁ አትሳቁበት፤ ከመኝታ በፊት ክፉ ወሬ አይወራ። ማታ ማታ ተረት መንገር፣ አብሮ መጸለይ፣ እጁን ይዞ ማስተኛት በመጠለያም ውስጥ ይቻላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዘረዘርኩት ሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠውም ይህንን ነው።

እንግዲህ ማፋጨት በአብዛኛው በራሱ ያልፋል ማለት ሁሉም የመንጋጋ ሕመም ይናቃል ማለት አይደለም። ልጁ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ሰውነቱ ከገተረ ወይም መዋጥ ከተሳነው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ትኩሳት፣ የፊት እብጠት፣ የተሰበረ ወይም ለብርድና ለትኩስ የሚጠዘጥዝ ጥርስ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሕመምም ሐኪም ይፈልጋሉ። ለምሳሌ ከአንኮበር ሆስፒታል እስካለበት እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ለደከመ ወላጅ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለነዚህ ምልክቶች ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ስትሄዱ የሚያመው መቼ እንደሆነ፣ ሌሊት ማንኮራፋት አለማንኮራፋቱን፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ልጁን በሌሊት አያየውም፣ ያያችሁት እናንተ ናችሁ።