ያልታመመ ዓሣ፣ ያልተሟሸ ገንዳ

ዓሣ ማሳመም ልዩ ሙያ የሚጠይቅ የሚመስለው ሰው ካለ ይረጋጋ። ዓርብ ከሰዓት አንድ ባለ 40 ሊትር የመስታወት ገንዳ መግዛት ብቻ ነው። ባለሱቁ ፊልተሩን፣ ሰማያዊ ጠጠሩን፣ በደጃፉ አረፋ የሚተፋ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥቱን ይደረድርና ስድስት ጎልድፊሾች በላስቲክ አስሮ ያስረክባል። «ውሃ ይሙሉና ዛሬውኑ ይልቀቋቸው፤ ብቻ ውሃው ንጹሕ ይሁን» ይላል። ውሃውማ ንጹሕ ነው፤ አሁን ከቧንቧ የወረደ፣ የክሎሪኑ ሽታ ገና ያልለቀቀው። ማታ መብራቱ ሲበራ ልጆች ያጨበጭባሉ፤ ለስድስቱም ስም ይወጣላቸዋል። ስም ማውጣቱን እንዳትረሱ። ማክሰኞ ሲለቀስላቸው የሚጠሩት በስማቸው ነው።

እሑድ ዓሦቹን ይጫጫናቸዋል። ሰኞ ክንፋቸውን ከገላቸው አጣብቀው ጥግ ይይዛሉ። ማክሰኞ ጠዋት ስድስቱም ውሃው አናት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «አባዬ፣ እያወሩን ነው» ትላለች የቤቱ ትንሿ። እውነቷን ነው። በቋንቋቸው «ከገዛ ቆሻሻችን አውጡን» እያሉ ነው። ግን አስተርጓሚ የለም፤ ያለው ሐኪም ነው።

የቤት ሐኪም ደግሞ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። አማትየው «ብርድ መቷቸው ነው» ይላሉ፤ ገንዳው ከመስኮቱ ይርቃል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ጎረቤት «ምች ነው፤ ዳማከሴ ቢጨመቅበት» ትላለች፤ ምቹ ውሃ ውስጥ ድረስ ዋኝቶ እንዴት እንዳገኛቸው የሚጠይቃት የለም። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው ባይ ናት። ዩኒቨርሲቲ የበጠሰው አጎት ይህን ሁሉ ኋላቀርነት በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ከመሳቢያ ውስጥ አምና የተረፈ ቴትራሳይክሊን ያወጣል፤ ካፕሱሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ይበትናል፤ ውሃው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ባለሱቁ በስልክ ሲጠየቅ ሰማያዊ የዓሣ መድኃኒት ጠብታ ያዝዛል። ቢጫው ላይ ሰማያዊው ሲጨመር ገንዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ልጆቹ እንደገና ያጨበጭባሉ። አያት በበኩላቸው «እኒህ ፍጥረታት ርቧቸው ነው እንጂ» ብለው ዳቦ ይፈረፍራሉ።

ከዚህ ሁሉ አዋቂ መካከል ውሃውን የጠረጠረ አንድም ሰው የለም። ጥርት ያለ ነበራ!

እንግዲህ የሚያሳፍረውን ነገር እንናገረው፤ ዓሦቹ አልታመሙም። ተመርዘዋል። ዓሣ ከበላው የሚተርፈውን አሞኒያ በአብዛኛው የሚያስወጣው በሚተነፍስበት በስንጥቡ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ሐይቁ ይውጥለታል። 40 ሊትር ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ተመልሶ ያንኑ ስንጥብ ያቃጥለዋል። ያልተበላ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ነው፤ የአያት ዳቦ በዚህ በኩል ገብቶ ይደመራል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ዓሣ በሚገድል መጠን ሲኖር ውሃው እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላል። በዚህ ላይ ውሃው ወደ አልካሊ ባዘነበለ ቁጥር መርዙ ይበረታል፤ ፒኤቹ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ፣ የአሞኒያው መጠን ሳይጨምር፣ ገዳይ የሆነው ድርሻው 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል።

የሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አዎ፣ አጎትየው በቴትራሳይክሊን ሊያጠፋው የተነሣው ባክቴሪያ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ ደሙ የቡና ቀለም ይይዛል፤ ዓሣውም አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ያወርደዋል፤ ይኼኛው እጅግ የተገራ ነው፤ ዕፅዋት ይመገቡታል፣ የተረፈውን ውሃ በመቀየር ይወጣል። እነዚህ ሠራተኞች በብዛት የሚሰፍሩት በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ እንጂ በውሃው ውስጥ አይደለም። ደግሞ አይቸኩሉም። ሁለቱም ወገን ሰፍሮ፣ ተዋልዶ፣ ሥራውን እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ስድስት ሳምንት! ለዓሣ!

እናቴ አዲስ ምጣድ በተገዛላት ቀን እንጀራ ጋግራበት አታውቅም። በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ታስሰዋለች፤ እንደገና ታሟሸዋለች። ጀበናም ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም። ሊጥ ሲቦካ እርሾ ይገባበታል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ይተዋል፤ «ዛሬ ይቦካ፣ ዛሬ ይጋገር» ያለ ሰው ከማጀት በሳቅ ይባረራል። እርሾ ያለቀባትም ጎረቤት ሄዳ በጣሳ ትቀበላለች እንጂ ሊጡን በኪኒን ላስነሳው አትልም። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ይጠበቃል ብሎ የሚተርት ሕዝብ፣ እርሾን ለሺህ ዓመታት በእጁ ሲያባዛ የኖረ ሕዝብ፣ ገንዳው የመስታወት ስለሆነ ብቻ ሕይወት ያለው ነገር እንደ አምፖል የሚበራ ይመስለዋል። ምጣዱ ቢያንስ እንጀራውን ይዞ ይቀራል፤ ሰው ያየዋል። ያልተሟሸ ገንዳ የሚይዘው ነፍስ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ጎልድፊሾችን ከውሃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ አንዱ የሌላውን ትርፍ እንዴት እንደሚያነሣ ለለንደን ኬሚስቶች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ስሙን የወረሰው ልጁ ደግሞ በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አፈር ውስጥ ያለው አሞኒያ በሁለት ደረጃ፣ በሁለት ዓይነት ሕዋሳት እንደሚለወጥ ሲያጠና ኖረ። ሕዋሳቱን ለይቶ ማሳደግ ግን አልሆነለትም፤ ያ ዕድል የሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሆነ፣ ዙሪክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ። የአባትየው ዓሣና የልጅየው አፈር ምሥጢራቸው አንድ ነበር። ይህ ከታወቀ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዜናው ከአንዳንዱ ሱቅ ባንኮኒ ለመድረስ ትራንስፖርት አጥቶ ይሆናል።

ሳይንሱ ቢደርስም የሚያከሽፍ ባለሙያ አናጣም። በሦስተኛው ሳምንት ባክቴሪያው ገና ስፖንጁ ላይ ጎጆ ሲወጣ፣ የቤቱ ንጽሕና ወዳድ ፊልተሩን ከፍቶ «ኧረ ጉድ፣ ምን ያህል ጭቃ!» ይላል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ፣ በኦሞ ሳይቀር፣ ነጭ እስኪሆን ያሸዋል። ክሎሪን ባክቴሪያን ለመግደል ሲባል የተጨመረ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። ያ ጭቃ የሚመስለው ቡናማ ነገር ነበር የዓሦቹ ጉበት፣ ኩላሊትና ሽንት ቤት። ከገንዳው ራሱ በተቀዳ ውሃ ለቀቅ ለቀቅ አድርጎ መጭመቅ ይበቃው ነበር፤ ግን እንግዳ ሲመጣ ምን ይባላል?

ሰማያዊውን ጠብታ አላንቋሽሽም፤ በቦታው መድኃኒት ነው፤ ለብቻ በተለየ ዕቃ ውስጥ ለታመመ ዓሣ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ዋናው ገንዳ ላይ ሲፈስ ግን ገና የሚድሁትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። በዚህ ዓይነት አሞኒያው ይጨምራል፤ አሞኒያው ሲጨምር ዓሣው ይብስበታል፤ ዓሣው ሲብስበት ጠብታው ይደገማል። ለሻጩ ከዚህ የተሻለ በሽታ አልተፈጠረም። ጎረቤት መሐል ጨው ያዘዘች ብትኖር ግን ሳታውቀው ግማሽ ትክክል ናት፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ በር ይሻማዋል። አሞኒያውን ግን ጨው አይነካውም።

አዲስ አበቤ ዓሣ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የሚጫነው። የ25 ዲግሪ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 6 ገደማ። ስንጥቡ የተቃጠለ ዓሣ ከዚህ ላይ ነው የሚካፈለው። ባክቴሪያውም ኦክስጅን ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠው ስፖንጅ ላይ ያለው ሠራተኛ መሞት ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ «እልል» ተብሎ ፊልተሩ የሬሳ ውሃ ወደ ገንዳው ይገፋል። በማግስቱ ዓሣ ሲሞት ሰበቡ የተለመደው ነው፤ ዕድሜው ደርሶ!

ስለ ዕድሜ ከተነሣ፣ አዘውትሬ የምሄድበት አንድ ካፌ አለ፤ ስሙን ተዉት፣ ማኪያቶው ጥሩ ነው። መግቢያው ላይ ትልቅ ገንዳ ተቀምጧል። ዓሦቹ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ፤ ማለዳ አንድ ልጅ በወንፊት ለቅሞ ያወጣና ከሰዓት አዲስ ይገባል። የዱቤ መዝገብ እንጂ የሞት መዝገብ ስለማይያዝ ደንበኛው ሁሉ ያው ዓሣ ይመስለዋል። ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። «አይ ልጄ፣ ጎልድፊሽ እኮ ዕድሜው ሁለት ሳምንት ነው» አሉኝ፣ አዝነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1956 ከባዛር ጨዋታ የተገኘ ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ ግን ይህን ባለመስማቱ እስከ 1999 ኖረ፤ ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። በደህና ውሃ ውስጥ ጎልድፊሽ 10 እና 15 ዓመት መኖሩ ተራ ነገር ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ስንዝር ያልፋል። ስድስቱን በ40 ሊትር ውስጥ ማኖር በግ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ ማርባት ነው።

ጣሊያኖቹማ ጭራሽ ሕግ አወጡ። የሞንዛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሮም ደግሞ በ2005፣ ዓሣን ክብ ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥን ከለከሉ። ምን ዓይነት ሥራ ፈት ከንቲባ ነው አትሉም? እኛ ዘንድ ክቡ ብርጭቆ እስከ ዛሬ የልደት ስጦታ ነው፤ ፊልተር የለው፣ አየር የለው፣ ባክቴሪያው የሚሰፍርበት ስፖንጅ የለው፤ ሪቫን ግን አለው።

ገንዳው ቀድሞ ተገዝቶ፣ ዓሣው ቀድሞ ገብቶ፣ አፉን ከውሃው አናት ላይ አውጥቶ ከሆነ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት፣ የሚደረገው ነገር በጣም ርካሽ ስለሆነ ክብርዎን እንዳይነካው እሰጋለሁ። የውሃውን ግማሽ ዛሬውኑ ይቀይሩ፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ የገባበት ወይም አፉ በተከፈተ ባልዲ ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው የተቀራረበ ይሁን። ምግቡን ይቁረጡ፤ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም አይሞትም፤ እኛ ስንት ቀን እንደምንጾም እያየ ይጽናናል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ካገኙ ከመድኃኒቱ በፊት እሱን ይግዙ። ከሁሉ በላይ፣ ዓመት የቆየ ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ሄደው ያረጀ ስፖንጁን ቁራሽ ይለምኑት፤ እርጥብ እንዳለ አምጥተው የእርስዎ ፊልተር ውስጥ ይክተቱት። እርሾ ነው፤ እርሾ መለመን ነውር ሆኖ አያውቅም። ነጠብጣብ የሚያወጣው፣ ክንፍ የሚያበሰብሰው እውነተኛ በሽታ ኋላ ይመጣ ይሆናል፤ የተዳከመ ዓሣ ይይዘዋልና። ያን ጊዜ መድኃኒት ይፈለግ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አምስት የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ስፖንጁን በኦሞ ያጠብኩትም እኔው ነኝ፤ ያ ንጽሕና ወዳድ እያልኩ ያሸሞርኩበት ሰውዬ ቤቱ ቤቴ ነው። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ውሃ ብቻ የያዘ ገንዳ ተቀምጧል። ፊልተሩ ይንጎራጎራል። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እጥልበታለሁ፤ እየበሰበሰ ባክቴሪያውን እንዲመግብልኝ። እንግዳ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ «ዓሦቹስ?» ይላል። «እየተሟሸ ነው» እላለሁ። በአዘኔታ ያየኛል፤ ባለፈው እሑድ አማቴ ለብቻዬ ጠርተውኝ ደህና መሆኔን ጠየቁኝ።

ዛሬ 23ኛ ቀኑ ነው። አሞኒያው ዜሮ ገብቷል፤ ናይትራይቱ ገና አልወረደም።