መሶብ ሙሉ ዕዳ

ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛው ከሌላው ትንሽ ቀደም ብሎ የገባው ሐበሻ ሳይሾም የሚያዝበት ሥራ አለ፤ ደብዳቤ ማንበብ። አገር ቤት ፍርድ ቤት በራፍ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ለመንግሥት ይጽፉ ነበር፤ እኔ መንግሥት የጻፈውን አነባለሁ። እነሱ ያስከፍሉ ነበር፤ እኔ የሚከፈለኝ በቡና ነው። ጾም ካልሆነ አንዳንዴ ዶሮ ወጥም አለበት።

የደብዳቤውን ክብደት ሳላነበው ባመጣጡ አውቀዋለሁ። የሐኪም ቤት ቀጠሮ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ በእጅ ይሰጠኛል። የልጅ ትምህርት ቤት ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ በዋትሳፕ ይላካል። የካውንስል ታክስ ግን አይላክም። «እስቲ ብቅ በል፣ ቡና እናፍላ» ተብሎ እኔው እጠራለሁ። አቦሉ ስለ ጤና፣ ቶናው ስለ አገር ነው። የመጣሁበት ጉዳይ የሚነሣው በረካው ላይ፣ ያውም «ኧረ አንድ ወረቀት ነገር ነበረች» ተብሎ ነው።

እትዬ ዘንድም የሄድኩት እንዲሁ ተጠርቼ ነው። (ሙሉ ስማቸውን ካውንስሉ ይያዘው፤ እዚህ እትዬ ይበቃናል።) ሳሎናቸው ጥግ ላይ ለጌጥ የተቀመጠ የሐረር መሶብ አለ። ክዳኑን አነሡልኝ። እስከ አፉ ድረስ ፖስታ ነው፤ ግማሹ እንኳ አልተከፈተም።

«ምነው እትዬ?»

«ካልከፈትኩት አልደረሰኝም ብዬ ነው» አሉ።

ፖስታዎቹን በየቀናቸው ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። ታሪኩ ቀላል ነበር። እዚህ አገር በቤቱ ውስጥ የሚቆጠር አዋቂ አንድ ብቻ ሲሆን ከካውንስል ታክሱ 25 በመቶ ይቀነሳል። እትዬ ይህ ቅናሽ ነበራቸው። ልጃቸው 18 ሲሞላት ካውንስሉ «አሁንም ብቻዎን ነዎት?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው መሶብ ገባ። መልስ ሲጠፋ ቅናሹ ተነሣ። በዚያው ሰሞን የጽዳት ሥራቸው ሰዓት ተቀነሰና ወርሃዊውን መክፈል አቃታቸው። በ7 ቀን ይክፈሉ የሚል ማስታወሻ መጣ፤ መሶብ። በየወሩ የመክፈል መብትዎ ቀርቷል፣ የዓመቱን ቀሪ ባንድ ጊዜ ይክፈሉ የሚል መጣ፤ መሶብ። የፍርድ ቤት መጥሪያ፤ መሶብ። ከታች ወደ ላይ ባነበብኩ ቁጥር ዕዳው እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ይሄዳል።

ለማያውቅ ሰው፣ ካውንስል ታክስ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) የሚሰበስበው፣ በቤት ላይ የተጣለ፣ ግን ነዋሪው የሚከፍለው ግብር ነው፤ ተከራይም አይቀርለትም። ማርጋሬት ታቸር በየሰው ራስ ላይ የጣሉት ፖል ታክስ እ.ኤ.አ. በ1990 ትራፋልጋር አደባባይን የድብድብ ሜዳ ካደረገው በኋላ፣ በ1993 የተተካው ይኸው ነው። ቤቱ ከኤ እስከ ኤች ካሉት እርከኖች በአንዱ የሚመደበው ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ እንዳይመስላችሁ። ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ቢሸጥ ኖሮ ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው። የእትዬ ቤት ዲ ነው፤ ያኔ ከ68 ሺህ በላይ እስከ 88 ሺህ ፓውንድ ይገመት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ለንደን ውስጥ ቤት እገዛለሁ ለሚል ሰው ደላላው ውሃ ያቀርብለት ይሆናል እንጂ ቁልፍ አያሳየውም። ያን ዕለት እኮ አዲስ አበባ ገና በደርግ እጅ ነበረች፤ የሚከፍሉት በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን ዋጋ ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ዕዳውንም እሱን አይጠይቁትም?» አሉኝ።

ቀልዳቸው የመጨረሻዋን ፖስታ ስከፍት ጠፋ። ዕዳ አስከፋዩ ቤይሊፍ የላካት ነበረች።

«በመስኮት ይገባሉ አሉ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይገቡም። በር ነው የሚያንኳኩት፤ ካልከፈቱላቸው ደግሞ በካውንስል ታክስ ዕዳ መጥተው በር አይሰብሩም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መምጣትም አይፈቀድላቸውም።»

«ምጣዴንስ?»

ይህ ከባድ የሕግ ጥያቄ ነው። ደንቡ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ አልጋና ለቤተሰቡ የሚበቃ የምግብ ጠረጴዛ አይወሰድም ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምድጃ መሆን አለመሆኑን የእንግሊዝ ሕግ አውጪ ያሰበበት አይመስለኝም። ክርክር ከተነሣ ግን ምጣዱ ምድጃ ነው፣ መሶቡም የምግብ ጠረጴዛ ነው ብዬ እስከ መጨረሻው ችሎት ለመሄድ ቆርጫለሁ።

የባሰው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ ፋይሉ ቤይሊፍ እጅ በመግባቱ ብቻ 75 ፓውንድ እንዲጨመር ደንግጓል፤ ሰውየው እደጅዎ ድረስ ከመጣ ሌላ 235።

«ለማንኳኳት?»

«ለማንኳኳት።»

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሽንት ቤት እያጠብኩ ያን አላገኝም!» አሉና ስልካቸውን አቀበሉኝ። አንዳንድ ሰው የሚነቃው በዋናው ዕዳ ሳይሆን በምርቃቱ ነው።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ሙዚቃው ይጫወታል፤ «ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» ይላል፤ ደግሞ ይጫወታል። እትዬ እንደገና ቡና ቆሉ፣ ወቀጡ፣ አፈሉ። ሰው የተገኘው ሲኒ ሲለቀለቅ ነው። እኔ እንድናገርላቸው ለመፍቀድ ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን መናገር ነበረባቸው። ጃንዋሪ 1 አሉ። ሰውየው «ኦ፣ የአዲስ ዓመት ልጅ!» አለ በደስታ። በስደተኛ ካምፕና በኤምባሲ መስኮት ያለፈ ግማሽ ወገናችን በወረቀት የተወለደው ጃንዋሪ 1 መሆኑን አልነገርኩትም፤ ደስታውን ለምን ልቀማው?

በመጀመሪያ «ጉዳዩ ከእጃችን ወጥቷል፣ ቤይሊፉን አነጋግሩ» አለ። ይህን ሰምቶ ስልኩን የሚዘጋ ብዙ ነው፤ መዝጋት የለበትም። ልጅቷ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ናት፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ደግሞ ለካውንስል ታክስ አይቆጠርም። ስለዚህ እትዬ ብቸኛ አዋቂ ናቸው፣ ቅናሹም መነሣት አልነበረበትም አልኩት። ጸጥ አለ። የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። የተማሪነት ማስረጃ ይላኩ፣ እስከዚያ ፋይሉን ከቤይሊፍ መልሰን እንይዘዋለን አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ስለሆነም ሌላ የግብር ቅነሳ ማመልከት ይችሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይህን እያንዳንዱ ካውንስል በየራሱ ደንብ ነው የሚሰጠው። ካልጠየቅህ የሚነግርህ የለም። ጠየቅን። የፍርድ ቤቱን ወጪ ግን አልማሩንም።

ለቀረው ዕዳ የገቢና ወጪ ቅጽ መሙላት ግድ ሆነ። ሰውየው ይጠይቃል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ኪራይ፣ መብራት፣ አውቶቡስ፣ አስቤዛ። ከዚያ «ሌላ ቋሚ ወጪ?» ሲል እትዬ «ዕቁብ» አሉ። ለፈረንጅ ዕቁብን ማስረዳት በራሱ ሌላ ወግ ነው። ሰውየው ሲገባው «ታዲያ ይህማ ቁጠባ ነው፤ ለጊዜው ማቆም አይችሉም?» አለ። ተረጎምኩላቸው። እትዬ ስልኩን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ማቆም? ዳኛዋ ፊት በየትኛው ዓይኔ እቀርባለሁ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የዕቁብ ዳኛዋ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች፤ ካውንስሉን ግን አይቶ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቤይሊፍ የማይልከው ዕዳ በሰዓቱ ይከፈላል፣ የሚልከው መሶብ ይገባል። ከዕቁቡ አልፈን ለእናት የሚላከውን፣ የእድሩን፣ የሰርግና የለቅሶ መዋጮውን ብንነግረው ሰውየው ወይ ያለቅሳል ወይ ሥራውን ይለቃል። «ለቤተሰብ እርዳታ» ብዬ ባንድ መስመር አጠቃለልኩለት።

«እሺ፣ በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?»

«200!» አሉ እትዬ፣ እኔን እንኳ ሳያዩ፣ ለዚህች ለዚህች በእንግሊዝኛ።

መርካቶ ላይ ሸማ ሲገዙ ከተጠየቁት ሩቡን ከፍለው የሚወጡ ሴት ናቸው። የመንግሥት ሰው ሲጠይቃቸው ግን ይሉኝታው ይመጣል፤ ድሃ መስለው መታየት አይፈልጉም። ቅጹ ላይ ከወጪ የተረፋቸው 38 ፓውንድ ነው! ደግሞ የዘንድሮው ግብር ጎን ለጎን መከፈል አለበት። 200 ብለው በሁለተኛው ወር ቢያቅታቸው ስምምነቱ ይፈርሳል፣ ፋይሉ ተመልሶ ቤይሊፍ ቤት ነው። 25 በየወሩ ሳይጓደል ቢገባ ይሻላል። ይህን በሹክሹክታ ስነግራቸው፣ «25? ምን ይለኛል? የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት መሰለው?» አሉ።

እኔ 25 አልኩ። ሰውየው ቅጹን አየ፣ 30 አለ። እትዬ መርካቶን አስታወሱ መሰለኝ፣ «28» አሉ። በ28 ተስማማን።

«በየወሩ በስንተኛው ቀን ይሁንልዎ?»

«28ም ከሆነ አይቀር በ28 ይሁን» አሉ። «አማኑኤል ነው፣ አልረሳውም።»

ደሞዛቸው የሚገባው በፈረንጅ 26 ስለሆነ ቀኑ መጥፎ አልነበረም። ግን የኛ 28 እና የሰውየው 28 እንደማይገናኙ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። «እትዬ፣ የነሱ 28 የሚውለው እኛ ዘንድ በ19፣ በ20 ገደማ ነው፤ ገብርኤል አካባቢ።»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ።

«ይሁና» አሉ። «ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣ እሱ አይደል?»