ያልተቆፈረ ጓሮና ተመልካቾቹ፦ ከጁባ የተደረገ ምልከታ

ጃፓናዊው ማሳኖቡ ፉኩዎካ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተፈጥሮ እርሻን በአራት መርሖች አጠቃሎታል፦ አትረስ፣ ማዳበሪያ አትጨምር፣ አረምን በእርሻም በመድኃኒትም አታጥፋ፣ በኬሚካል አትደገፍ። ከአራቱ አንዱም ስለ ጎረቤት አይናገርም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ነው።

የጥናቱ ቦታ ጁባ፣ ጉደሌ ሰፈር፣ ሳይቆፈር በገለባ የተሸፈነ የአንድ ሐበሻ ጓሮ ነው። ተመልካቾቹ በአብዛኛው የጤፍ አገር ልጆች ናቸው። ጤፍ ደግሞ በልማድ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ካልታረሰለት አይዘራም፤ ስለዚህ ያልተገለበጠ መሬት ለእነሱ ዳዋ የዋጠው የሰው ኑሮ ነው።

ምድብ አንድ፣ አዛኝ፦ ገለባውን እያየ «ግን ጤናህስ?» ይላል።

ምድብ ሁለት፣ ለጋሽ፦ ሳይጠየቅ ዶማ ያውሳል።

ምድብ ሦስት፣ እባብ አስታዋሽ፦ ይህ በንዑስ ምድብ ይከፈላል። (ሀ) እባብ ያየ፤ እስካሁን አልተገኘም። (ለ) ያየ ሰው የሚያውቅ፤ ጉደሌ ላይ ጣት የሚያክለው እባብ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሲደርስ ክንድ ያክላል፣ ከሃይ ሲኒማ ሰፈር ሲመለስ ደግሞ በር አይበቃውም። (ሐ) ገና የሚያይ፤ ቡናውን እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይጠጣል። (ሐ) ራሱ፣ ጫማውን የሚያራግፍና ጫማውን ጭራሽ የማያወልቅ ተብሎ ይከፈላል።

ለእውነቱ፣ ስጋቱ መሠረት አለው። ገለባ አይጥን፣ አይጥም እባብን ይጠራል፤ የጁባ እናቶች ግቢያቸውን በማለዳ ሙልጭ አድርገው የሚጠርጉትም በከንቱ አይደለም። ምስጥም ገለባውን ይበላዋል፤ ቶሎ ቶሎ መተካት አለበት። ነገር ግን በመጋቢት ሐሩር የተጠረገው ሜዳ እንደ ሸክላ ሲደርቅ፣ ገለባውን ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ ያለው አፈር በእጅ ይጨበጣል። አጥኚው ይህን ለአንድ ንዑስ ምድብ (ሐ) አሳየው። ተመልካቹ አንገቱን አስግጎ፣ «እሱም የሚተኛው እዚያ ቀዝቃዛው ላይ ነው» አለ።

ጥናቱ በዚህ መልክ ወደ ምድብ አራት ሊሻገር ሲል ጎረቤታችን እማማ ሳፋ ይዘው ገቡ። ስለ ጤና አልጠየቁም፣ ዶማ አላዋሱም፣ እባብም አላነሡም። እኛ አረም ያልነው መሐል ገብተው ጁባዎች ኩድራ የሚሉትን፣ ማንም ሳይዘራው የበቀለውን ቅጠል ይቀነጥሱ ጀመር። ሳፋው ሞላ። ሌላ ሳፋ እንዲመጣላቸው ልጃቸውን ተጣሩ።

አጥኚው ምደባውን አቋርጦ፣ እሳቸው ሳይጨርሱት የራሱን ድርሻ ለመቅጠፍ ገባ።